ባሕር ላይ ለመሰንበት ምን ልያዝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ ይሁን ልጄ። የምኖረው ለገዳዲ ነው፣ ዕድሜዬ 58 ነው። ዱባይ ያለው ልጄ ሲሸልስ ላይ ያት የሚሉትን የመዝናኛ ጀልባ ለአንድ ሳምንት ተከራይቶ፣ «እማ፣ ከእኔና ከሚስቴ ጋር ትሰነብቻለሽ» ብሎኛል። ጉዞው ነሐሴ 5 ነው። እኔ ትልቅ ውሃ ያየሁት የለገዳዲን ግድብ ብቻ ነው። ዋና አልችልም፣ የደም ግፊትም አለብኝ። ደግሞ ፍልሰታ ነው። ሴቷ ልጄ ትልቅ ባለ ጎማ ሻንጣ ገዝታልኛለች። ምን ልክተትበት? ወ. ነኝ፣ ከለገዳዲ።

መልስ፦ እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ከሻንጣው ልጀምር፦ እቤት ይተዉት።

እኔ ቤይሩት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሠሪዎቼ ጁኒየህ በሚባል የሊባኖስ ወደብ የሚያቆሙት ጀልባ ነበራቸው። በበጋቸው ወደ ቆጵሮስና ወደ ቱርክ ዳርቻ ሲወጡ ምግብ የማበስለው እኔ ነበርኩ። ለመጀመሪያው ጉዞ ልክ እንደ እርስዎ ጠንካራ ባለ ጎማ ሻንጣ ይዤ ሄድኩ። የተሰጠኝ ክፍል ከአልጋው ሌላ እግር ማሳረፊያ አልነበረውም። ሻንጣዬን ግርጌዬ አቆምኩት። ሌሊት ማዕበሉ ሲነሳ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ወደቀ። ሁለት ሳምንት እያነከስኩ ነው ምግብ የሠራሁት።

ጀልባ ላይ ያለው ማስቀመጫ ጠባብ ነው። ከአልጋው ሥር ነው፣ ወይም ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ነው። ልብስዎን አውጥተው ሲደረድሩ ቦርሳው ራሱ ተጣጥፎ እዚያው መግባት አለበት። ሻንጣ ደግሞ አይታጠፍም። ስለዚህ መርካቶ የሚሸጠውን የሸራ ቦርሳ ይግዙ። ሞልቶም በአንድ እጅዎ የሚያነሱት ይሁን። ወደ ጀልባው ሲወጡ ሌላው እጅዎ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።

ልብስ ብዙ አያስፈልግዎትም። ሁለት ሰፊ ቀሚስ፣ አንድ ሱሪ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ሸሚዝ፣ የሌሊት ልብስና የውስጥ ልብስ ይበቃል። ለውሃው ደግሞ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቶሎ የሚደርቅ ነገር ይያዙ። የሚያምር ቀሚስ አንድ ይበቃል፣ እሱም ደሴት ላይ ወርዳችሁ እራት ስትበሉ ነው። ወፍራም ጥጥ አይያዙ። ጨው የነካው ልብስ ነገሩ ሌላ ነው። ቀን ፀሐይ ላይ ደርቆ ያነሱት ቀሚስ ማታ ሲለብሱት እርጥብ ይልብዎታል። ጨው ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ ነው። በክረምት የጨው ዕቃ ሳይከደን ሲያድር እንዴት እንደሚያለቅስ ያውቁት የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ባሕር የነካውን ልብስ በጥቂት ንጹሕ ውሃ ለቅለቅ ሳያደርጉ አያስጡት።

ጋቢው ይቅር፤ ከረጠበ ሳምንቱን ሙሉ አይደርቅም። ነጠላ ግን ሁለት ይያዙ። ነጠላን ያህል ለጀልባ የተመቸ ልብስ አላየሁም። ቀን ራስዎን ይሸፍኑበታል፣ ሲነፍስ ትከሻዎ ላይ ጣል ያደርጉታል፣ ሲዋኙ ያመሹ ልጆች ይደርቁበታል። የጀልባው ዳር ካለው የብረት አጥር ላይ በሁለት መቆንጠጫ ቢያስሩት በግማሽ ሰዓት ይደርቃል። አራት የልብስ መቆንጠጫ ቦርሳዎ ውስጥ ይጣሉ፣ ያመሰግኑኛል።

ጫማን በተመለከተ፣ ጀልባው ላይ የሚዋለው በባዶ እግር ነው። ብዙ ጊዜ መግቢያው ላይ ቅርጫት አለ፣ ጫማ እዚያ ይቀራል። የጫማ ተረከዝ ወለሉን ይቦጭረዋል፣ ጥቁር ሶል ደግሞ ያቀልመዋል። ወደ ደሴት ስትወርዱ ግን ከትልቁ ጀልባ ወደ ዳር የምታመላልሰው ትንሿ ጀልባ የምታደርሳችሁ አሸዋው አጠገብ ድረስ ነው፤ የቀረውን ውሃው እስከ ጉልበት ደርሶ ትራመዳላችሁ። ከፊት ለፊት ደግሞ ድንጋይ አለ፣ የሲሸልስ ዋና ዋና ደሴቶች ግራናይት ናቸው። ነጠላ ጫማ እግር ላይ አይቆይም። ከኋላ የሚታሰር የፕላስቲክ ሰንደል ወይም ኮንጎ ጫማ ይሁን።

የእኛ አገር ሰው ፀሐይን ለምደነዋል ብሎ ይዘናጋል። ባሕር ላይ ፀሐዩ ከላይም ከሥርም ነው፣ ውሃው እንደ መስተዋት ይመልሰዋል። ነፋሱ ሙቀቱን ስለሚወስደው ሲቃጠሉ አይታወቅዎትም። ከአገጭ ሥር የሚታሰር ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይያዙ። ቅባቱ ዘይትነት ያለው ባይሆን ይመረጣል፣ ወለሉ ላይ እድፍ ትቶ ይቀራል።

አሁን ወደ ባሕሩ ልግባ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ሲሸልስ ላይ የሚነፍሰው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ነው፣ የሚበረታውም በነሐሴ አካባቢ ነው። ከማሄ ደሴት ወደ ፕራስሊን ደሴት ስትሻገሩ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ክፍት ባሕር አለ፣ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ በሉት። እዚያ ላይ ሊያቅለሸልሽዎት ይችላል። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱ የሚዋጠው ሳይጀምርዎት ነው፤ ከጀመረ በኋላ ሆድ አይይዘውም። የግፊት ኪኒን ስለሚወስዱ ግን የትኛው እንደሚስማማዎት ሐኪምዎን አስቀድመው ይጠይቁ። የግፊት ኪኒንዎን ከሚፈልጉት ቀን አስበልጠው ይያዙ፣ ሁሉም በእጅ ቦርሳዎ ይሁን። ሲያቅለሸልሽዎት ወደ ታች ክፍል አይውረዱ፣ ስልክም አይዩ። ውጭ ተቀምጠው ሰማዩና ባሕሩ የሚገጥሙበትን መሥመር ይመልከቱ። እኔን ብዙ ቀን ያዳነኝ እሱ ነው።

ዋና አለመቻል ነውር አይደለም እትዬ። የነፍስ አድን ጃኬት ጀልባው ላይ አለ፣ መያዝ አያስፈልግም። ግን በመጀመሪያው ሰዓት፣ ወደቡ ሳይለቀቅ፣ ካፒቴኑ በልክዎ አስተካክሎ ያልብስዎት። ልጅዎ ቢስቅም ይሳቅ። ትንሿ ጀልባ ላይ ሲሳፈሩ ሁልጊዜ ይልበሱት። ይሄን ከሁሉም በላይ አደራ የምልዎት ነው።

በአንድ ነገር ግን ከልጅዎ ሚስት ይልቅ እርስዎ ይሻላሉ። ጀልባ ላይ ያለው ንጹሕ ውሃ በታንከር የተያዘ ነው። እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። እርስዎም በአንድ ጆግ ገላ መታጠብ፣ በእጣቢው ደግሞ እግር ማጠብ ያውቃሉ ብዬ እገምታለሁ። ቤይሩት እንግዳ ሆነው የመጡ ሰዎች ሻወሩን ከፍተው ሲረሱት ስንት ቀን ወደብ እንደተመለስን! ሽንት ቤቱንም አይርሱ፤ ቱቦው ቀጭን ስለሆነ ብዙ ጀልባ ላይ ወረቀት የሚጣለው ቅርጫት ውስጥ ነው።

መብራትም እንደዚያው ነው፣ ከባትሪ ነው። ፀጉር ማድረቂያና ካውያ ይቅሩ። ፓወር ባንክ ይያዙ፣ ግን ወደ አውሮፕላን ጭነት አይገባም፣ በእጅ ቦርሳ ነው። መሬት ላይ ያለው የሲሸልስ ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆነ አንድ ማቀያየሪያ ይግዙ።

ለጾሙ፣ ጀልባው የተከራየው ከነአብሳዩ ከሆነ፣ ከመነሻው በፊት እንግዳው የሚበላውንና የማይበላውን የሚሞላበት ቅጽ ይላክለታል። ልጅዎ «ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ የለም» ብሎ ይሙላልዎት። ዓሣውን እንዴት እንደሚጾሙ እርስዎ ያውቃሉ፣ ግልጽ አድርገው ይንገሩት፤ እዚያ ዓሣ በየማዕዱ ነው። ከእርስዎ ደግሞ አንድ ኪሎ ሽሮ፣ ትንሽ በርበሬና ድርቆሽ ይበቃል። ድርቆሽ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ በአንድ ድስት ያልቃል። ቋንጣ፣ ፍራፍሬና ተክል አይያዙ። የያዙትንም ምግብ ጉምሩክ ላይ ሳይጠይቁዎት ያሳውቁ። ጀበናውን አውቀዋለሁ፣ ይናፍቅዎታል። ቡናውን ፈጭተው ይያዙ፤ ከሰልና ዕጣን ግን አይሆንም። ጀልባ ላይ እሳት ከማዕበል የበለጠ ይፈራል።

ወረቀትም አለ። ሲሸልስ ቪዛ አትጠይቅም፣ ግን ከመብረርዎ በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ፈቃድ አለ፣ ልጅዎ ይሙላው። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ የሚሠራው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻ ሳምንት አያስቀምጡት። ከዚህ በፊት ተወግተው ከሆነ አሮጌውን ካርድ ይፈልጉ፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ድርቆሹን ደግሞ አሁን በግንቦቱ ፀሐይ ያድርቁት። ሐምሌ ከገባ ለገዳዲ ላይ እንጀራ አይደርቅም።