ጥያቄና መልስ፦ የአንጎል ምርመራ ምን ያያል፣ ምን አያይም?

ከደጀን የጻፉልን አባት ራሳቸውን ካመማቸው ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ ባሕር ዳር ወጥተው ኤምአርአይ (በማግኔት የአንጎልን ምስል የሚያነሣ ምርመራ) ልነሳ ወይ ይላሉ። የደም ግፊትዎን ተለክተዋል? ዓይንዎስ ታይቷል? ደብዳቤው ስለዚህ ዝም ብሏል። መጀመሪያ በቅርብዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይታዩ። ሕመሙ ድንገት የበረታ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለው ወይም እጅና እግር የሚያዝል ከሆነ ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

የፍኖተ ሰላሙ ወጣት ሰው የሚጠቀመው አንጎሉን አሥር በመቶ ብቻ መሆኑን ሰምቶ፣ መቶውን ለመጠቀም ምን ልብላ ይላል። ውሸት ነው፤ መቶውንም እየተጠቀምክበት ነው። ያገኘኸውን ብላ።

አንድ የዲማ የቅኔ ተማሪ ደግሞ መምህሩ ቅኔ ሲዘርፉ አንጎላቸው በመሣሪያ ቢታይ ሰሙና ወርቁ ይለይ እንደሆነ ይጠይቃል። አይለይም። እንዲህ ላለው ጥናት የሚያገለግለው ኤምአርአይ የሚከታተለው የደምን የኦክስጅን ለውጥ ነው፤ ያም ከሐሳቡ በሰከንዶች ዘግይቶ ይደርሳል። ከጎጆ ጭስ ሲወጣ እሳት መንደዱን ታውቃለህ እንጂ የተጣደው ሽሮ ይሁን ዶሮ አታውቅም። በመጽሔት የምታየው ቀይና ቢጫ ቀለምም ከስሌት በኋላ የተቀባ ነው። ይሁንና ብዙ ማጥናት በአንጎል ላይ ምልክት የሚተው ይመስላል፦ በ2000 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) የታተመ የለንደን ጥናት የ16 ታክሲ ነጂዎችን አንጎል አይቶ፣ ቦታን የምናስታውስበት ክፍል ጀርባው ከሌሎች ሰዎች ሰፋ ብሎ አገኘው። ያም የብዙዎች አማካይ ነው። የአንድ ሰው ምስል ብቻውን ሊቁን ከጀማሪው አይለይም።

አሁን ወደ ብቸናዋ እናት። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጃቸው በመድኃኒት ጋብ ብሎለት ነበር። ሰሞኑን ራሱ ላይ ሽቦ ተለጥፎ ኢኢጂ (የአንጎልን ሞገድ የሚመዘግብ ምርመራ) ተነሣና ውጤቱ «ነጻ» ሆነ። ዘመድ አዝማድ «በሽታው ከሌለ መድኃኒቱን ትቶ ጠበሉን ብቻ ይያዝ» ይላል፤ እርሳቸውም ሽቦው ኤሌክትሪክ አስነክቶት እንደሆነ ሰግተዋል።

እመቤቴ፣ መድኃኒቱን አያቋርጡ። ይህን ለዘመዶችዎም ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ሽቦው ኤሌክትሪክ አይልክም፤ የአንጎል ሴሎች ራሳቸው የሚያመነጩትን እጅግ ደካማ ሞገድ ይቀበላል እንጂ። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር በ1924 (እንደ አውሮፓውያን) ከሰው ራስ ላይ ከመዘገበው ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው። የሚመዘግበው ግን ልጁ የተቀመጠባትን ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሕመሙ በዚያች ሰዓት ካልታየ ወረቀቱ ንጹሕ ይወጣል፤ በሽታው ያለባቸው ብዙ ሰዎች በመጀመሪያው ምርመራ ምንም አይታይባቸውም። እንቅልፍ አሳጥቶ መድገም የተለመደውም ለዚህ ነው።

ከወረቀቱ ይልቅ ለሐኪሙ የሚጠቅመው ሲጥለው ያየ ሰው ቃል ነው፤ የትኛው እጁ ቀደመ? ዓይኑ ወዴት ዞረ? ስንት ደቂቃ ቆየ? በስልክ መቅረጽ ከተቻለ እሰየው። ክብሪት ማሽተቱን ተዉት፤ በአፉ ምንም አታስገቡ፤ በጎኑ አስተኙት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል። ጠበሉ ከክኒኑ ጋር አይጣላም፣ ይጠመቅ። መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ግን ማቆሚያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል፤ እርሱ ይገድላል። በዚህ ሳምንት ወደ ሐኪሙ ይመለሱ። መቀነስም ሆነ ማቆም የእርሱ ውሳኔ ነው፤ የአጎቱም የእኔም አይደለም።

የቡሬዋ ባለትዳር፣ ባልዎ መዋሸቱን የሚያረጋግጥ የአንጎል ምርመራ የለም።

በመጨረሻ አንድ የሞጣ አንባቢ ኤምአርአይ ሲገቡ ማተብ ይፈታ ወይ ብለዋል። ክሩ አይጎዳም፤ መስቀሉ ብረት ከሆነ አውልቀው ለአስታማሚ ይስጡ። ይልቅ የጥይት ወይም የቦምብ ፍንጣሪ በገላው የቀረበት ሰው ሳይጠየቅ አስቀድሞ ይናገር፤ ማግኔቱ ብረቱን ሊያንቀሳቅሰው ይችላልና መጀመሪያ በራጅ ይታይለት።