የዓሣ መዝገብ ለመሥራት የትኛውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ልያዝ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። መተዳደሪያዬ ሌላ ሥራ ሲሆን ፕሮግራም መጻፍ የምማረው ማታ ማታ፣ ለራሴ ፍላጎት ያህል ነው። አባቴ ከጣና አስጋሪዎች ቆሮሶና አምባዛ እየተረከቡ ይሸጣሉ፤ ማን ስንት ኪሎ እንዳስረከበና ስንት ብር እንደሚቀረው የሚይዙት በደብተር ነው። ይህን ደብተር ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር አስቤ በሲ ፕላስ ፕላስ ጀመርኩ፤ አንድ ጓደኛዬ ጃቫ ይሻላል ስላለኝ ወደዚያ ዞርኩ፤ አሁን ደግሞ ሌላው ኮትሊን እንድማር ይመክረኛል። ላፕቶፔ አሮጌና 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ያለው ነው፤ የኢንተርኔት ጥቅል የምገዛው አልፎ አልፎ ነው፤ መብራትም ይጠፋብኛል። የትኛውን ቋንቋና የትኛውን የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ብይዝ ይበጀኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጓደኞችዎ የነገሩዎት እያንዳንዳቸው የሚወዱትን ቋንቋ ነው፤ ምርጫው ግን መነሣት ያለበት ከአባትዎ ደብተር ነው። ደብተሩ የሚፈልገው ስምና ቀን መመዝገብ፣ ኪሎና ብር መደመር፣ መብራት ሲጠፋም የተጻፈው ሳይጠፋ መቆየቱን ብቻ ስለሆነ፣ ፓይተንን ይያዙና መዝገቡ ሠርቶ እስኪያዩት ድረስ አይልቀቁት እላለሁ።

ፓይተን ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው ቋንቋ ሲሆን፣ ለእርስዎ የሚጠቅመው ዕድሜው ሳይሆን አብሮት የሚመጣው ዕቃ ነው። መረጃን በአንድ ፋይል ውስጥ የሚያኖረው ኤስኪውላይት የተባለ የመረጃ ቋት የሚሠራበት ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር ስለሚጫን፣ ሌላ ነገር ለማውረድ ጥቅል አያባክኑም። ኤስኪውላይት አንድ ምዝገባ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ግማሹን ጽፎ ግማሹን እንዳይተው ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሆኖም ኮሚት የሚባለውን ትእዛዝ ካልሰጡት የጻፉት እንዳልተጻፈ ይቆጠራልና፣ ከእያንዳንዱ ርክክብ በኋላ ትእዛዙን መስጠት አይርሱ። ፋይሉንም በየጊዜው በፍላሽ ይገልብጡ።

ለመጻፊያ በኢስቶኒያ የታርቱ ዩኒቨርሲቲ ለጀማሪዎች የተዘጋጀውን ቶኒን ይጫኑ። ፓይተንን በውስጡ ይዞ ይመጣል፣ ኮዱን መስመር በመስመር እያስኬደ በየተለዋዋጩ (ኮዱ ቁጥር ወይም ስም በሚያኖርበት ቦታ) ውስጥ ያለውን ዋጋ ያሳያል፣ ለላፕቶፕዎም አይከብድም። ቪኤስ ኮድ የተባለው ሌላው መጻፊያ ጥሩ መሣሪያ ቢሆንም ከብራውዘር ጋር አብረው ሲከፍቱት በ4 ጊጋባይት ራም ላይ ይጎተታል። ኮትሊን በብዛት የሚጻፍበት አንድሮይድ ስቱዲዮ ደግሞ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ስለሚጠይቅ የእርሱ ነገር እዚህ ላይ ያበቃል። ላፕቶፕዎ እስካሁን በዊንዶውስ 7 የሚሠራ ከሆነ የሚቀበለው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው፤ አዲሱን አውርደው አልጫን ሲልዎት ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ጥቅል በገዙ ዕለት የቋንቋውን ሙሉ መመሪያ ከድረ ገጹ አንድ ጊዜ ያውርዱት፤ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል።

ከቋንቋው ምርጫ ይልቅ የሚያደክምዎት ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ሥርዓት ውስጥ ስለገባና የዛሬው ፓይተን ጽሑፍን የሚይዘው በዩኒኮድ ስለሆነ በአማርኛ መጻፉ አያስቸግርም። ችግሩ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ለኮምፒውተሩ የተለያዩ መሆናቸው ነው። አባትዎ አንዱን አስጋሪ ሰኞ «ኃይሉ»፣ ረቡዕ «ሃይሉ»፣ ቅዳሜ «ሀይሉ» ብለው ጽፈውት ይሆናል፤ እርሳቸው የሚያውቁት አንድ ሰው ሲሆን ፕሮግራሙ ግን ሂሳቡን ለሦስት ሰዎች ያከፋፍለዋል። የከተማችን ስም እንኳ በየታፔላው ላይ «ባሕር» እና «ባህር» እየተባለ ስለሚጻፍ ነገሩ አያስደንቅም። ስለዚህ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ይክፈቱና በእርሱ ውስጥ ሐንና ኀን ከነዘራቸው ወደ ሀ ቤተሰብ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልሱ፤ ሀና ሃ፣ አና ኣ ራሳቸው አንድ ድምፅ መሆናቸውንም አይዘንጉ። የሰውየው ስም ግን በዋናው ዓምድ እንደተጻፈ ይቀመጥ፤ የሰው ስም ማረም የፕሮግራም ሥራ አይመስለኝም። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ለእያንዳንዱ አስጋሪ ቁጥር ሰጥቶ ሂሳቡን በቁጥሩ መያዝ ነው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። የፓይተን የቀን መቁጠሪያ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017ን ሁለተኛ ወር ብለው ቢሰጡት ፌብሩዋሪ 30 የለውም ብሎ ይመልስልዎታል፤ ጳጉሜንንም 13ኛ ወር የለም ብሎ አይቀበልም። እነዚህስ ቢያንስ ስሕተት መኖሩን ይነግሩዎታል፤ የሚያሳስበው የሌለውን መስከረም 31 ዝም ብሎ መቀበሉ ነው። ስለዚህ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ያስቀምጡና ማጣሪያውን ራስዎ ይጻፉት፤ ለመጀመሪያ ልምምድ ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም። እስከ 12ኛው ወር ድረስ ቀኑ ከ1 እስከ 30 ይሁን፤ ጳጉሜን 5 ቀን ትሁን፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ግን፣ ማለትም እንደ 2015 ያለ ዘመነ ሉቃስ ከሆነ፣ 6 ቀን ይፍቀዱላት።