ያለ ፊርማ የተደረገ የኤችአይቪ ምርመራ

ጥያቄ፦ አባቴ በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ናቸው። በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ሐኪሙ «ኤችአይቪም ልመርምርዎት?» ብሎ በቃል ብቻ ጠየቃቸው፤ ያስፈረማቸው ወረቀት የለም። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል?

መልስ፦ ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ሕግ የጽሑፍ ፈቃድን፣ ከምርመራው በፊትና በኋላም የምክር አገልግሎትን ያስገድድ ነበር። በ2008 ተሻረ፤ ከነሐሴ 2009 ጀምሮ የቃል ፈቃድ ይበቃል። ለእኛ ይህ መልካም ለውጥ ነው፤ ወረቀቱ ምርመራውን ከሌላው የደም ምርመራ ለይቶ የሚያስፈራ ያደርገው ነበር።

ፊርማው ቀረ እንጂ ፈቃዱ አልቀረም። ለስኳር ወይም ለኮሌስትሮል በተቀዳ ደም ላይ ሳይነግሩ ኤችአይቪን መጨመር አይቻልም። ሐኪሙ ምን እንደሚመረመር አስረድቶ፣ ጥያቄ ካላቸው መልሶ፣ አባትዎ መስማማታቸውን በሕክምና መዝገባቸው ላይ ማስፈር አለበት። ጥርጣሬ ካለዎት መጀመሪያ የሚታየው ይኸው መዝገብ ነው፤ አባትዎ ቅጂውን የመጠየቅ መብት አላቸው። «አይሆንም» ማለትም ይችላሉ፤ በዚህ ምክንያት ሌላው ሕክምናቸው አይቋረጥም።

ስለ ውጤቱ አንድ ነገር፦ ከክንድ ደም ሥር በተቀዳ ደም የሚሠራው የላቦራቶሪ አንቲጅንና አንቲቦዲ ምርመራ (የቫይረሱን ቁራጭና ሰውነት የሚሠራውን መከላከያ የሚፈልግ) ቫይረሱን የሚያገኘው ከተጋለጡ ከ18 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ነው። መጋለጡ የቅርብ ከሆነ ከ45 ቀን በኋላ ይድገሙት።