የታካሚ ዳታ ለሌለው በሽታ ፈዚ ሎጂክ ያዋጣል?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይሄ ነው፦ ለመመረቂያ ፕሮጀክትሽ እምብዛም የማይገኙ በሽታዎችን የሚጠቁም ሲስተም ልትሠሪ አስበሻል፤ የታካሚ ዳታ ግን የለሽም፤ ፈዚ ሎጂክ (ነገሩን «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ሳይል ከ0 እስከ 1 ባለ ደረጃ የሚለካው ዘዴ) ያዋጣል ወይ? ያዋጣል። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ከአንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋር ሞክሬው ስለነበር ያየሁትን ልንገርሽ።

ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከዳታ ራሱ የሚማርበት ዘዴ) የብዙ ታካሚ ዳታ ይፈልጋል። አውሮፓ ውስጥ እምብዛም የማይገኝ የሚባለው ከ2000 ሰው ከአንድ በታች የሚይዝ በሽታ ነው። ያን ሁሉ ካርድ ከየት ታመጪዋለሽ? ፈዚ ግን የሐኪሙን እውቀት በሕግ መልክ ይወስዳል። አማካሪሽ ቅር ካለው፣ የፈዚን ሐሳብ ተመራማሪው ሎትፊ ዛዴህ ያወጣው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቪየና ላይም ካዲያግ የተባለ የምርመራ ሲስተም ተሠርቶበታል በይው።

የዊልሰን በሽታን እንውሰድ፤ መዳብ ጉበትና አንጎል ላይ የሚጠራቀምበት የዘር በሽታ ነው። ሴሩሎፕላዝሚን (ደም ውስጥ መዳብ የሚሸከም ፕሮቲን) ከ20 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲወርድ ያጠራጥራል፤ ከ10 ሲወርድ ደግሞ በጣም። በአንድ መስመር ከቆረጥሽው 19 በሽተኛ፣ 21 ጤነኛ ሆኖ ቁጭ ይላል። በፈዚ ግን ከ10 በታች 1፣ ከ20 በላይ 0 ካልሽ፣ 14 ያመጣ ሰው 0.6 ያገኛል፤ 19 ያመጣው 0.1።

ጣጣው የሚመጣው ሕጎቹን ስታያይዢ ነው። «ሴሩሎፕላዝሚን ዝቅ ካለ እና ዓይን ላይ ቀለበት ካለ» እንደሚለው ዓይነት ሕግ ውስጥ «እና» ሲመጣ ትንሹን ቁጥር ውሰጂ የሚለው የተለመደ ነው። እንግዲህ በዊልሰን ጊዜ መዳብ ዓይን ላይ የሚሠራው ቀለበት ካልታየ 0 ይሆንና ዊልሰን ከነጭራሹ ይጠፋል። ጉበታቸው ብቻ የተጎዳ ብዙ ሰዎች ላይ ደግሞ ቀለበቱ አይታይም። የባሰው ምን መሰለሽ? በስሊት ላምፕ (ዓይንን አጉልቶ በሚያሳየው መመርመሪያ) ያልታየ ሰው ካርዱ ላይ «የለም» ተብሎ ይገባል። ያልተመረመረ ነገር ባዶ ይሁን እንጂ 0 አይሁን። እኔ ትንሹን መውሰድ ትቼ በክብደት አማካይ ሠራሁ፤ ክብደቱን ሐኪሙ ሰጠኝ። ሴሩሎፕላዝሚን በእርግዝናና በኢንፌክሽን ጊዜ ከፍ ስለሚል፣ ያኔ ክብደቱን የሚቀንስ ሕግም ጨመርን።

0.8 ሲወጣ «80 በመቶ ዊልሰን ነው» ብለሽ እንዳትጽፊ! ቁጥሩ ምልክቶቹ ምን ያህል እንደሚገጥሙ እንጂ የመሆን ዕድሉን አይናገርም። በሽታው ከ30 ሺህ ሰው አንዱን ገደማ እንደሚይዝ ፈዚው አያውቅም። ውጤቱን «ይሄንንም አስቡበት፣ ቀጥሎ ይሄ ምርመራ ይታዘዝ» በሚል አውጪው። ሐኪሞቹም እንዲህ ሲሆን ነው ደስ የሚላቸው።

ኮዱ አያስጨንቅሽ፤ ፓይተን ላይ ሳይኪት ፈዚ የሚባል ዝግጁ የኮድ ስብስብ አለ። በቅድሚያ ሐኪም ያዢ፤ ሁለት ሦስት በሽታ ይበቃሻል። መፈተኛ ካጣሽ የታተሙ የኬዝ ሪፖርቶችን ተጠቀሚ፤ ሕጉን ባወጣሽባቸው ላይ ግን አትፈትኚ።