ባዮሎጂ ለመማር የባንክ ብድር ልትፈርሚ ለተዘጋጀሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ አነበብኩት። ሜሪላንድ ውስጥ የግል ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎሻል፤ ባዮሎጂ ልትማሪ ነው። ከፌዴራል ብድሩ በላይ የሚጎድለውን ከባንክ ልትበደሪ አስበሻል። «ስመረቅ ደመወዜ ይችለዋል ወይ?» ብለሻል። እኔም እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ ጠይቄ የሚመልስልኝ ሰው አጥቼ ነው የፈረምኩት። የፋፍሳን፣ ማለትም የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻውን፣ አሞላል ሌሎች ይነግሩሻል። እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ።

1. «ሳይንስ ነው፣ ሥራ አይጠፋም» የሚሉሽን አትስሚ። ባዮሎጂ ብቻውን ሙያ አይደለም። አበሻ ቤት ባዮሎጂ ማለት ዶክተር ማለት ነው፤ የኔም ሐሳብ እሱ ነበር፣ አልተሳካም። በ2017 ስመረቅ ያገኘሁት ሥራ ላብራቶሪ ውስጥ በሰዓት 19 ዶላር የሚከፍል ነበር። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮን የሜይ 2024 አሃዝ እዪው። የባዮሎጂ ቴክኒሻን መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 52 ሺህ ዶላር ነው። የነርስ 93,600 ነው። ከነርሶቹ መሀል ደግሞ የሁለት ዓመቱን ኮሚኒቲ ኮሌጅ ብቻ የጨረሱ አሉ።

2. የፌዴራሉንና የባንኩን ብድር እንደ አንድ አትዪያቸው። በወላጅ ሥር ላለ ተማሪ ፌዴራሉ በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በየዓመቱ 7,500 ዶላር ያበድራል። በአራት ዓመት 27 ሺህ። እኔ ከዚያ በላይ በየዓመቱ 10,500 ይጎድለኝ ነበር። የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። የባንኮች ስም ያለበት ወረቀት ገፋ አደረገችልኝና «ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው» አለችኝ። ወለዱ ስንት ነው ብላት «ባንኩን ጠይቂ»። የ18 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንድ ደቂቃ ወስዳ ብታስረዳኝ ኖሮ ስንት ነገር ይተርፍ ነበር።

ባንኩ ዋስ ጠየቀ። ዲሲ ታክሲ የሚነዳው አጎቴ ሳያንገራግር ፈረመልኝ። ወለዱ ወደ 9 በመቶ ነበር። ስማር ምንም አልከፈልኩም፤ ወለዱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቆጥር ነበር። 42 ሺህ ተበድሬ የመጀመሪያው ቢል ሲመጣ ከ53 ሺህ በላይ ሆኗል። የተጠራቀመው ወለድ ዋናው ላይ ተደምሮ እሱም ወለድ መውለድ ጀመረ። ለባንኩ ብቻ በወር 540 ዶላር። ለፌዴራሉ ደግሞ ሌላ።

በ2018 ክረምት ሥራዬን አጣሁ። ሁለት ወር ሳልከፍል ቀረሁ። ለካ አጎቴ በዚያው ሰሞን ቤት ሊገዛ እየተሯሯጠ ኖሯል። ዋስ ስለሆነ የኔ አለመክፈል በእሱም ስም ተመዘገበ፤ ክሬዲቱ (የብድር ታሪክ ነጥቡ) ወደቀና የቤት ብድሩን ከለከሉት። እሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የሰማሁት ከሚስቱ ነው፣ ፋሲካ ዕለት ወጥ ቤት ቆመን። ስንፈርም «በሰዓቱ እየከፈልሽ ከቆየሽ ዋሱ ይወጣል» ተብለን ነበር። ሁለቴ አመለከትኩ፤ ሁለቴም ውድቅ አደረጉት።

ያወጣኝ የሆስፒታል ላብራቶሪ ሙያ ነው። አንድ ዓመት ተጨማሪ ተማርኩ፣ የሙያ ፈተናውን አለፍኩ፣ በ2020 ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ገባሁ። በትርፍ ሰዓት ጭምር እየሠራሁ በ2024 የባንኩን ዕዳ ዘጋሁ። ወረቀቱን አትሜ አጎቴ ቤት ይዤ ሄድኩ። ያን ቀን እንደኮራሁ የምረቃዬም ቀን አልኮራሁም። ሆስፒታሉ ለትርፍ ስለማይሠራ የፌዴራሉ ብድር 120 ወርሃዊ ክፍያ ሲሞላ ቀሪው ይሰረዝልኛል። የባንክ ብድር ይህ ዕድል የለውም። ይህንን ያኔ የነገረኝ የለም።

3. የተቀበለሽን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ስኮርካርድ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ፈልጊው። በትምህርት ዘርፍ ከፋፍሎ ተመራቂዎቹ ስንት እንደሚያገኙ ያሳይሻል። የኔ ልክ ይህ ነው፤ ጠቅላላ ዕዳሽ ከመጀመሪያ ዓመት ደመወዝሽ ከበለጠ አትግቢበት። ታናሽ እህቴን እኔው ነኝ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሚባለው ኮሚኒቲ ኮሌጅ ያስመዘገብኳት። ሁለት ዓመት እዚያ ተማረች፣ ከዚያ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ ትልቁን ሸክም አቀለለላት። አሁን ጣሪያው በዓመት 7,395 ዶላር ነው። ከባንክ አንድ ዶላር ሳትበደር ተመረቀች።

እናትሽ በስሟ ከፌዴራሉ ትበደርልኛለች ካልሽም ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ወላጅ በዓመት 20 ሺህ፣ በጠቅላላው ለአንድ ልጅ 65 ሺህ ዶላር ጣሪያ ወጥቶለታል። ከዚያ የጎደለውን ከባንክ አምጪ ነው የሚሉሽ።

ዩኒቨርሲቲው የላከልሽን የእርዳታ ደብዳቤ ስምሽን ሸፍነሽ እዚሁ ለጥፊው። ሐሙስ ሥራ የለኝም፣ መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን። እስከዚያ ማንንም ዋስ አድርገሽ አታስፈርሚ።