አስቀድመሽ አጥንት ፈልጊ፣ ፒክአፑ ይደርሳል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከአጎትሽ የተረፈሽ፣ በስትራቶካስተር (በታወቀው የፌንደር ኤሌክትሪክ ጊታር) ቅርጽ የተሠራ፣ የስም ጽሑፉ ተላጦ የጠፋ ርካሽ ጊታር አለሽ። አንድ ዘፈን ሳይዘልቅ ቅኝቱ ይፈርሳል፤ ከአምስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) በላይ ክሩ ዝዝ ይላል፤ የድምፅ መቆጣጠሪያው ሲዞር ይንጣጣል። የአክስትሽ ልጅ ለገና ከዋሽንግተን ስለምትመጣ፣ «ጥሩ ፒክአፕ (ከክሮቹ ሥር ሆኖ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን) ላስመጣ? ቀለሙንስ ልፋቀው? ወይስ ሸጬው ልገላገል?» ብለሻል።

አትሽጪው። ቀለሙን አትንኪው። ፒክአፑን ደግሞ ለጊዜው እርሺው። ከሦስቱ በሁለቱ በራሴ ገንዘብ ተሳስቼባቸዋለሁ፤ ከሦስተኛው ያመለጥኩት ለጥቂት ነው።

የእኔን ጊታር የገዛሁት ከአንድ የሠርግ ኦርጋን ተጫዋች ነው፤ እሱም በዕዳ የያዘው ነበር። ያን ጊዜ የሚታየኝ ፒክአፕ ብቻ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ለምኜ የአልኒኮ ማግኔት ያላቸው ሦስት ፒክአፖች መጡልኝ፤ ዋጋቸው ከጊታሩ እጥፍ በላይ ነበር። እሑድን ሙሉ ስበይድ ዋልኩ። ድምፁ እውነትም አማረ። በሳምንቱ የዘመድ መልስ ላይ ትዝታ ስንጀምር ሦስተኛው ክር ወረደብኝ። መቃኛውን በቀስታ አጠበቅኩት፤ ምንም። ትንሽ ጨመርኩ፤ አሁንም ምንም። አንድ ጊዜ ስደግም «ጢን!» ብሎ ዘለለና ከሚፈለገው በላይ ወጣ። ዘፋኙ ዞር ብሎ አየኝ። አንድ ቃል አልተናገረም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ሁሉ ገንዘብ የጠቀመኝ ከቅኝት መውጣቴ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ነው።

ጥፋተኛዋ ነቷ ነበረች፤ ክሮቹ ከአንገቱ ወደ መቃኛዎቹ ሲሻገሩ የሚያርፉባት ያቺ ነጭ ፕላስቲክ። በርካሽ ጊታር ላይ ቦዮቿ ብዙ ጊዜ ጠባብና ሻካራ ናቸው። ክሩ ቦዩ ውስጥ ይነከሳል፤ መቃኛውን ስታዞሪ ውጥረቱ ከነቷ ጀርባ ይጠራቀምና በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሰው ግን መቃኛውን ይረግማል። የአንቺም ሲቃኝ «ጢን» የሚል ከሆነ በሽታው ይኸው ነው። ለፈተና ያህል የጽሕፈት እርሳስ ጫፍ ቦዩ ውስጥ አሽተሽበት እዪ፤ ከተሻለው ምንጩን አገኘሽ ማለት ነው።

መድኃኒቱ አገራችን ውስጥ የማይጠፋ ነገር ነው፤ የበሬ አጥንት። ልኳንዳ ቤት ሄደሽ ወፍራም ቅልጥም ጠይቂ። የሰፈራችን ሥጋ ሻጭ ለውሻዬ መስሎት በነጻ ሰጥቶኛል፤ እኔም አላረምኩትም። ሥጋውንና መቅኔውን አውጥተሽ፣ ውሃውን በየጊዜው እየለወጥሽ፣ ቅባቱ እስኪለቅ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ለተወሰኑ ቀናት ዘፍዝፊው፤ ከዚያ ጥላ ላይ ይድረቅ። ለረጅም ሰዓት አትቀቅዪው፤ አጥንቱን ያደክመዋል። በብረት መጋዝ ከቆረጥሽ በኋላ ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ዘርግተሽ፣ የአሮጌዋን ውፍረት እስኪይዝ እሺው። ደጅ ሥሪው፤ አፍና አፍንጫሽንም ሸፍኚ፤ ብናኙ ለሳንባ አይበጅም። ሽታው የተቃጠለ ቀንድ ነው፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ለቦዮቹ የተሠሩ ልዩ ሞረዶች አሉ፤ ውድ ናቸው። እኔ የተጠቀምኩት የጋዝ ብየዳ አፍንጫ የሚጠረግባቸውን ሻካራ ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። በተለያየ ውፍረት በአንድ መያዣ ታስረው የብየዳ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ይገኛሉ። ለእያንዳንዱ ክር ከውፍረቱ ጥቂት የሚበልጠውን ምረጪ። ቦዩ ወደ መቃኛዎቹ በኩል ዝቅ ብሎ ይሩጥ፤ የክሩ መነሻ በፍሬቶቹ በኩል ያለው ጠርዝ መሆን አለበት። ጥልቀቱን የምታውቂው እንዲህ ነው፦ ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫኝና አንደኛውን ፍሬት በብርሃን አንጻር እዪ። በክሩና በፍሬቱ መካከል እንደ ጭረት የቀጠነች ብርሃን ከቀረች እዚያው አቁሚ። አንድ ሞረድ ያህል ካለፍሽ ክሩ ሳይያዝ ሲመታ ፍሬት ይነካል። የመጀመሪያዬን በዚህ ዓይነት አበላሽቻታለሁ፤ ስለዚህ ከቅልጥሙ የተረፈውን አትጣዪ።

ቅኝት የሚያፈርሰው ሁለተኛው ነገር ከኋላ ያለው ስፕሪንግ ነው። አጎትሽ የማርገብገቢያውን እጀታ ካልተዉልሽ፣ ወይም ካልፈለግሽው፣ የጀርባውን ክዳን ክፈቺና ስፕሪንጎቹ የታሰሩባቸውን ሁለት ብሎኖች፣ ብሪጁ (ክሮቹ በገላው በኩል የሚያርፉበት ብረት) ገላው ላይ እስኪተኛ አጥብቂ። እኔ በክፍተቱ ውስጥ ቁራጭ ዋንዛ ሸጉጬበታለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ክር ቢበጠስ እንኳ ሌሎቹ አይናጉም። የላሉ የብሎን ቀዳዳዎች ካገኘሽ ስቴኪኒ በኮላ ነክረሽ ሙዪባቸው፤ በማግስቱ ብሎኑ እንደ አዲስ ይነክሳል።

ወደ ዝዝታው እንምጣ። በመጀመሪያ አዲስ ክር አስገቢ፤ በዛገ ክር የሚለካ ልኬት ልኬት አይደለም። ቀጥሎ አንዱን ክር አንደኛውና አሥራ ሰባተኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ተጫኝና ሰባተኛው አካባቢ ያለውን ክፍተት እዪ። ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ይበቃል። መለኪያ የለኝም እንዳትዪ፤ ባለ 10 ቁጥር የሚባለው ቀጭኑ ክር ውፍረቱ 0.25 ሚሊሜትር ነው፤ ከአሮጌው ክር ቁራጭ ወስደሽ በክፍተቱ አሳልፊው። ክፍተቱ ከሰፋ በአንገቱ ውስጥ የተቀበረውን የብረት ዘንግ በሰዓት አቅጣጫ አጥብቂ፤ ከጠፋ አላዪ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አትሂጂ፤ እንጨቱ እስኪረጋ እስከ ማግስቱ ጠብቂው። እምቢ ካለሽ በጉልበት አትታገዪው። ዘንጉ ከተበጠሰ አንገቱ ለማገዶ ነው።

ከአምስተኛው በላይ ብቻ መሆኑ ግን አንድ ከፍ ያለ ፍሬት ያስጠረጥረኛል። የኤቲኤም ካርድሽን ጠርዝ በሦስት ተከታታይ ፍሬቶች ላይ አቁሚውና ወዲያና ወዲህ አወዛውዢው። ቀጥ ብሎ ካረፈ ደህና ነው፤ ቀጭ ቀጭ ካለ መካከለኛው ፍሬት ተነስቷል። አንዳንዴ ከእንጨቱ ወጥቶ ብቻ ይሆናል፤ ቁራጭ እንጨት ደግፈሽ በመዶሻ በቀስታ ስትመቺው ይመለሳል። ብዙዎቹ ከተበላሹ በራስሽ አትድፈሪው፤ ፍሬት አንዴ ከተሞረደ አይመለስም። ለዚህ ሥራ ገንዘብ ከፍሎ ባለሙያ መፈለግ አያስቆጭም።

ክሩ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ከፍታ ካለው ለእጅ ይመቻል። በመጨረሻ፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ ጣትሽን አስነክተሽ ብቻ የሚወጣውን ድምፅ፣ ተጭነሽ ከምታወጪው ጋር በስልክሽ የመቃኛ መተግበሪያ አወዳድሪ። የተጫንሽው ከፍ ካለ በብሪጁ ላይ የክሩን መቀመጫ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ውሰጂ። ባቲን ከላይ ስትጫወቺ «እኔ ነኝ ወይስ ጊታሩ?» የሚያሰኘው ነገር በአብዛኛው እዚህ ያበቃል።

መቆጣጠሪያው የሚንጣጣው ቆሻሻ ስለገባበት ነው። የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ፈሳሽ ረጭተሽ ሃያ ጊዜ ያህል አዟዙሪው፤ መርካቶ አይጠፋም። ክፍት ሳለ ፒክአፖቹን በቴስተር ለኪያቸው፤ ነጠላ ጥቅል (አንድ የሽቦ ጥቅል ብቻ ያለው) ፒክአፕ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ኦም ያነብባል። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል፤ ያን ጊዜ ብቻ አዲስ ግዢ። ክሩን ስትነኪ ጉምጉምታው የማይቀንስ ከሆነም ወደ ብሪጁ የሚሄደው የመሬት ሽቦ ተነቅሎ ይሆናል። ሶኬቱ የመሬት መስመር በሌለው አዳራሽ ግን ጊታር ይዘሽ ከንፈርሽን ማይክሮፎን ላይ አታስጠጊ፤ እኔን አንድ ጊዜ ጥርሴ ድረስ ነዝሮኛል።

ጤነኛ ፒክአፕ ካለሽ የመጨረሻውን ፍሬት ተጭነሽ ከክሩ እስከ ፒክአፑ 3 ሚሊሜትር ገደማ እስኪሆን ዝቅ አድርጊው። ምንም ገንዘብ ሳይወጣ ግማሽ ጩኸቱ ይለዝባል። እኔም ነቷን ከቀየርኩ በኋላ የድሮዎቹን ፒክአፖች ለሙከራ መልሼ ገጥሜያቸው ነበር። ልዩነት አለ፤ አልክድም። ነቷ ካመጣችው ለውጥ ጋር ግን አይወዳደርም።

ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም። «የእንጨቱን ውበት ላውጣ» ብዬ ሦስት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት። ከሥሩ የወጣው ስቱኮ ነበር፤ ከስቱኮው ሥር ኮምፔንሳቶ። መኪና ቀቢ ጋ ወስጄ አሸፈንኩት።

የአክስትሽን ልጅ እንዳታስቸግሪያት ግን አንድ ነገር። በርካሽ ጊታር ላይ የሚገጠሙ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ መጠናቸው የተለየ ነው፤ ከአትላንቲክ ማዶ የመጣ ዕቃ ደግሞ አይመለስም። የትንንሾቹ መቆጣጠሪያዎች ቀዳዳ 7 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ትልልቆቹ ግን 9.5 ይፈልጋሉ። ብሪጁን የያዙት ስድስት ብሎኖች ከሆኑ ከዳር እስከ ዳር፣ ከመሃል ወደ መሃል ለኪ፤ በብዛት የሚሸጠው 56 ሚሊሜትር ነው። የገላውን ውፍረትም ለኪ፤ ቀጭን ከሆነ ረጅሙ የብሪጅ ብረት ከኋላ ይወጣል። ከነቷ እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት መሃል 324 ሚሊሜትር ከሆነ አንገቱ የተለመደው ልክ ነው። የመቃኛዎቹን ቀዳዳ ስፋት ጨምረሽ አምስቱንም ቁጥሮች እዚህ ጻፊልኝ፤ ምን ማስመጣት እንዳለብሽ፣ ምናልባትም ከክር በቀር ምንም እንደማያስፈልግሽ፣ ከመሳፈሯ በፊት እነግርሻለሁ።