ፊለር ከመወጋትሽ በፊት የመድኃኒቱን ስም በጽሑፍ ተቀበዪ

እህቴ፣ ስለ ፊለር፣ ማለትም ፊትን ለመሙላት ከቆዳ ሥር ስለሚወጋው ነገር፣ «በአንድ ዓመት ውስጥ ከፊት ይጠፋል ብለውኛል፤ እውነት ነው? ከዓመታት በኋላስ ጉዳት ያመጣል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ጉንጬን ተወግቼ ብዙ ያየሁ ነኝና አንቺ እንዳትንገላቺ ልንገርሽ።

1. «በዓመት ይጠፋል» የሚለውን እንደ ቃል ኪዳን አትቁጠሪው። ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለው የተለመደ የፊለር ዓይነት ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 18 ወር ይቆያል ይባላል። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ በኤምአርአይ ምርመራ ከቆዳቸው ሥር የተገኘባቸው ሰዎች አሉ።

2. የምትወጊውን ስም ከነምርት ቁጥሩ ያዢ። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር ችግር ካመጣ ሃያሉሮኒዴዝ በተባለ ኢንዛይም ይሟሟል። ካልሲየም ሃይድሮክሲአፓታይትና ፖሊላክቲክ አሲድ የተባሉት ሌሎች የፊለር ዓይነቶች ግን በዚህ አይሟሙም። ፈሳሽ ሲሊኮንማ ከገባ አይወጣም፤ ለማውጣት ቢሞከር እንኳ በቀዶ ሕክምና ነው፣ ያውም ሙሉ በሙሉ ላይጸዳ ይችላል።

እኔ ከተወጋሁ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ጉንፋን በያዘኝ ሰሞን ግራ ጉንጬ አበጠ። ስዳስሰው እንደ ዶቃ የጠጠረ ነገር ከጣቴ ሥር ይንሸራተታል። ሰውነት ከበሽታ ጋር ሲታገል የቆየ ፊለርም አብሮ ሊቆጣ እንደሚችል ያወቅሁት ያኔ ነው። የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ «የተወጋሽው ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ወደ ክሊኒኩ ስሄድ እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «የቆየ ፋይል አንሰጥም» አለችኝ። ፊቱ የእኔ፣ ገንዘቡ የእኔ፣ ፋይሉ የእነርሱ! ዛሬም ያንገበግበኛል። ከማሸጊያው ላይ አንዲት ተለጣፊ ወረቀት ልጦ ካርዴ ላይ መለጠፍ ምን ያህል ድካም ነበር? ተስፋ ቆርጬ አልተመለስሁም። በጽሑፍ አመለከትሁ፤ እምቢ ሲሉ «እንግዲያውስ የምትከለክሉኝን ምክንያት ፈርማችሁ ስጡኝ» አልሁ። አይሰጥም የተባለው ፋይል ወዲያው ተገኘ። ሃያሉሮኒክ አሲድ ሆነና ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ አሟሟልኝ። ባልጸና ኖሮ በግምት ልታከም ነበር፤ በዚያ ጽናቴ እኮራለሁ።

3. ፊለር ደም ሥር ውስጥ ከገባ የደም ዝውውር ይዘጋል፤ ቆዳን ሊገድል፣ ዓይንንም ሊያሳውር ይችላል። አፍንጫ፣ እንዲሁም በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ያለው ቦታ በተለይ አደገኛ ናቸው። ከባድ ሕመም፣ የቆዳ መንጣት ወይም መረብ የመሰለ ሐምራዊ መልክ፣ የዓይን ብዥታ ካየሽ እስከ ነገ አትጠብቂ፤ በዚያችው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ስለዚህ ከመወጋትሽ በፊት «ሃያሉሮኒዴዝ አላችሁ? አሳዩኝ» በዪ። ከተቆጡ ቦርሳሽን አንሥተሽ ውጪ። ንብ ሲነድፍሽ ሰውነትሽ ክፉኛ የሚቆጣ ከሆነም አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ በንብ መርዝ ውስጥም ሃያሉሮኒዴዝን የመሰለ ኢንዛይም ስላለ ይህም ሊያስቆጣሽ ይችላል።